«ምንም የለብህም» ተብሎም የማያርፍ ልብ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ቶንጎ ውስጥ ግንባር መዳሰስ ይበዛል። እናት ልጇን ከትምህርት ቤት ስትቀበል አስቀድማ በእጇ ጀርባ ግንባሩን ታየዋለች። የባጃጅ ሾፌሩ «ዛሬ ቁርጥማት ቢጤ ይዞኛል» ካለ ጓደኛው «ሳትውል ሳታድር ተመርመር» ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቶንጎ ያለችበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወባ ከሚበረታባቸው የአገራችን ክልሎች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም እንደተመዘገበና 1,157 ሰው እንደሞተ አስታውቋል። ስለዚህ ለቶንጎ ሰው «ምርመራውን ተውና ሥራህን ሥራ» ብሎ የሚመክር ሰው አገሩን አያውቅም።

እኔ የምጽፈው ስለ ሌላ ሕመም ነው። ተመርምረው ነጻ ከተባሉ በኋላም ስለማይለቅ የበሽታ ፍርሃት። ይህን ፍርሃት የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

የማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ቶንጎ አስተምር ነበር። አንድ ማታ የተማሪ ደብተር ሳርም ግራ ደረቴን የሆነ ነገር ወጋ አደረገኝ። የአንድ ትንፋሽ ጊዜ ነው የቆየው። ደብተሩን ዘግቼ የእጄን የደም ሥር ያዝኩና ምቱን መቁጠር ጀመርኩ። በቆጠርኩ ቁጥር ፈጠነ፤ በፈጠነ ቁጥር ደግሜ ቆጠርኩ። በማግስቱ ካርድ አውጥቼ ደም ሰጠሁ። ወባ የለም። ደስታዬ ሌላ ነበር፤ እስከ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ሳይሆን በክንፍ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ማታ ግን «የወሰዱት ደም ይበቃ ይሆን? የላብራቶሪው ልጅስ በደንብ አይቶታል?» የሚል ነገር መጣብኝ። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያ ታይፎይድ ተመረመርኩ። ከዚያ ጨጓራ። ከዚያ በባምባሲ በኩል አሶሳ ወርጄ ልቤን በኢሲጂ፣ ሆዴን በአልትራሳውንድ ታየሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ የደሞዜ ትልቁ ክፍል በካርድ፣ በላብራቶሪ፣ በመድኃኒትና በትራንስፖርት አለቀ። ክፍለ ጊዜዬን የሚሸፍኑልኝ ባልደረቦቼም ደከሙ፤ ፊት ለፊት ግን አልነገሩኝም።

ያነቃኝ አንድ በዕድሜ የገፋ ጤና መኮንን ነው። የካርዴን ወረቀቶች አንድ በአንድ ገለጠና «መምህር፣ ነጻ ነህ ስትባል ስንት ቀን ታርፋለህ?» አለኝ። አሰብኩ። የመጀመሪያው ውጤት ሁለት ሳምንት ያህል አሳርፎኝ ነበር። ቀጣዩ አራት ቀን። የመጨረሻው እስከ ማታ እንኳ አልዘለቀም። «እንግዲህ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ሰውነትህ ለምዶታል እንል ነበር» አለ። «የምትፈልገው ምርመራ አይደለም፤ የምትፈልገው እርግጠኝነት ነው። እሱ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ የለም።»

ይህ አነጋገር ሳይንሱም የሚደግፈው መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ፖል ሳልኮቭስኪስና ሂላሪ ዋርዊክ የተባሉ እንግሊዛውያን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጽሑፍ የበሽታ ጭንቀት ያለበት ሰው ደጋግሞ ማረጋገጫ መፈለጉ ራሱ ጭንቀቱን እንደሚያቆየው አስረድተዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት አንድ ነገር ይሰማዋል፤ አእምሮ «ይሄ ክፉ ነው» ይላል፤ ሰውየው ይጠይቃል ወይም ይመረመራል፤ «ምንም የለም» ሲባል ልቡ ይወርዳል። አእምሮ ከዚያ የሚማረው «ጤነኛ ነበርኩ» የሚለውን አይደለም። የሚማረው «የዳንኩት ስለጠየቅኩ ነው» የሚለውን ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ትንሽ ነገር ሲሰማው እንደገና እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ግምገማ ከባድ በሽታ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ በሆነባቸው 3,828 ሕሙማን ላይ የተደረጉ 14 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ምርመራው ጭንቀታቸውን ለመቀነስም ሆነ ስሜቱን ለማጥፋት የረባ ጥቅም እንዳልሰጠ ደምድሟል።

በእኛ አካባቢ ሰውን የምናጽናናበት አንድ ቃል አለ፤ «አብሽር»። ደግ ቃል ነው። አንዴ ሲባል ጉልበት ይሆናል። በቀን ሃያ ጊዜ «አብሽር በሉኝ» የሚል ሰው ግን ቃሉን ጨርሶታል፤ የሚሰማው ከጀርባው ያለውን ጥርጣሬ ብቻ ነው።

የቶንጎና የአሶሳ ሙስሊም ወገኖቼ ይህን ነገር ከሌላው በተሻለ የሚያውቁበት ስም አላቸው፤ ወስዋስ። ውዱእ አድርጎ ጨርሶ «ክርኔን አጥቤያለሁ ወይስ አላጠብኩም?» እያለ ደጋግሞ የሚታጠብ ሰው ኡስታዙ ዘንድ ሲሄድ «ድገመው» አይባልም። «ጥርጣሬውን አትከተለው፤ ሶላትህን ስገድ» ነው የሚባለው። እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይነሳም የሚለው የፊቅህ መርሕ ለዚህ ያገለግላል። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት የኖረው አቡ ዘይድ አል-በልኺ የተባለ ሊቅ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው መጽሐፍ ወስዋስን ከነፍስ ሕመሞች አንዱ አድርጎ ለብቻው አትቶታል። ጤነኛ ሰው ድንገት ለሚመጣ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያኖር ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋ ጊዜ ለጭንቀት ቀን የሚሆን ሐሳብ አዘጋጅቶ ማኖር እንዳለበትም መክሯል። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ለራሴ ካገኘሁት ምክር ሁሉ ይህ ይበልጥ ሠርቶልኛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ምርመራው የሚመልሰውና የማይመልሰው

መጀመሪያ ስለ ምርመራ ልንገራችሁ፤ ገንዘባችንና ጉበታችን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

ከታይፎይድ ልጀምር። በየክሊኒኩ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ አብሮ የሚታዘዘው የደም ምርመራ ሁለቱም ክፍሉ ጥንታዊ ነው። የታይፎይዱ ዊዳል የተባለው ሲሆን ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የታይፈሱ ዌይል-ፌሊክስ በ1916 የመጣ ነው። ዊዳል ጀርሙን ራሱን አያይም፤ ሰውነት በአንድ ወቅት ከጀርሙ ወይም ከዘመዶቹ ጋር ተዋግቶ የተወውን ዱካ ነው የሚያየው። እኛ እንደምንኖርበት ባለ ታይፎይድ በሚገኝበት አገር ጤነኛው ሰውም ዱካው ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት የሌለው፣ የፈራ ብቻ የሆነ ሰው ቢመረመር «አለብህ» ሊባል ይችላል። ሲፕሮ ይገዛል፤ ይውጣል፤ ከወር በኋላ ደግሞ ይመረመራል፤ አሁንም «አለብህ» ይባላል። «ታይፎይዱ አልለቀቀኝም» የሚሉ ብዙ ሰዎችን አውቃለሁ። ያልለቀቃቸው ምርመራው ነው። በዚህ መሀል አንቲባዮቲኩ በእውነት በታመሙበት ቀን እንዳይሠራ ይሆናል።

ወባም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። በጣት ደም ከሚደረገው ፈጣን ምርመራ አንዱ ዓይነት የወባውን ተውሳክ የፕሮቲን ቅሪት ያያል። ኮአርተሙን በሦስት ቀን በሥርዓቱ የጨረሰና የዳነ ሰው «ለማረጋገጥ» ብሎ በሳምንቱ ቢመረመር ቅሪቱ ገና ከደሙ ስላልጠፋ «አለ» ሊለው ይችላል። መድኃኒቱን ጨርሰው ትኩሳቱ ከጠፋ ማረጋገጫው እሱ ነው። ትኩሳቱ ከተመለሰ ደግሞ ያለ ጥርጥር ይመለሱ፤ በማይክሮስኮፕ እንዲታይልዎም ይጠይቁ። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊቀሰቀስ ይችላል።

የጨጓራ ባክቴሪያን በደም የሚያየው ምርመራም ከታከሙ በኋላ ለብዙ ወራት «አለ» ማለቱን ሊቀጥል ይችላል። መዳንን ማወቅ ካስፈለገ የሚታየው በሰገራ ነው፤ እሱም መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ። ደም ግፊትን በቀን አምስት ጊዜ የሚለካ ሰው ደግሞ የሚለካው ፍርሃቱን ነው። ግፊት የሚለካው 5 ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ነው፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥርም በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ ሲታይ ነው በሽታ የሚባለው።

አንድ ሒሳብ ልጨምር፤ የሒሳብ መምህር ስለነበርኩ ይህን ማለፍ አልችልም። ላብራቶሪ «ጤነኛ» የሚለው የቁጥር ወሰን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከጤነኞች 95 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ሙሉ ጤነኛ የሆነ ሰው በአንዱ ምርመራ ከወሰኑ የመውጣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎችን ካደረገ ግን ቢያንስ በአንዱ ከወሰን የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ይደርሳል። «ሁሉንም አድርጉልኝ» ብሎ የሚገባ ጤነኛ ሰው ይዞት የሚወጣው ዕረፍት ሳይሆን አዲስ ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስሜቱ ውሸት አይደለም

«ሐሳብ ነው» የሚለውን ቃል አልወደውም። ያን ሌሊት ደረቴን የወጋኝ ወግቶኛል። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መደንዘዝ፣ የሆድ መንፋት፣ የጉሮሮ መታነቅ፣ የራስ መክበድ ፍርሃት በሰውነት ላይ በእውነት የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው። የሚሳሳተው ትርጉሙ ነው። አንዳንዱን ደግሞ እኛው እናመጣዋለን። መንጋጋቸው ሥር ያለችውን ዕጢ በቀን ሠላሳ ጊዜ እየጫኑ የሚፈትሹ ሰዎች አሉ፤ ቦታው የሚያማቸው ከመጫኑ የተነሳ ነው።

ቡናችንንም አስቡት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ፣ ከሰዓት ጫት ቅሞ፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ልቡ ቢመታና ጨጓራው ቢያቃጥለው ሊያስደንቀን አይገባም። እኔ ሳልተኛ አድሬ ጠዋት በባዶ ሆድ ቡና እጠጣና ረፋድ ላይ ልቤን እቆጥር ነበር። ቡናውን ወደ አንድ ስኒ፣ ያውም ከምሳ በፊት ስቀንስ፣ ከምቱ ግማሹ ጠፋ።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ። በጥር 2014 ዓ.ም. ቶንጎ ከተማ ውስጥ ውጊያ ተነስቶ ነበር። በአካባቢው ከነበሩ ሁለት መጠለያዎች ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች ሸሽተዋል፤ ብዙዎቹ ከሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት አምልጠው የመጡና ዳግም የተፈናቀሉ ነበሩ። መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት ሲጠፋ፣ ሕመምተኛ ሪፈር ተጽፎለት መኪና አጥቶ ሲቀር ያየ ሰው «ቢያመኝ ማን ይደርስልኛል?» ብሎ መፍራቱ የአእምሮ ጉድለት አይደለም። ሰውነቱ ዘብ መቆም ለምዷል። ተኩሱ ከቆመ በኋላ ዘቡን የሚያወርደው አጥቶ ወደ ራሱ ሥጋ አዙሮ መጠበቅ ይጀምራል። በአካባቢው የምትሠሩ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የእርዳታ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና ወርቅ ቆፋሪዎች ይህን በራሳችሁ ላይ ካያችሁ አትፈሩበት፤ ስሙን አውቃችሁ ያዙት።

የኪስ ወረቀቱ

አሁን አል-በልኺ ወዳለው ልመለስ። ልብዎ በተረጋጋ ቀን፣ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ አንድ ወረቀት ይውሰዱና ለሁለት ይክፈሉት። ከሚያምኑት አንድ የጤና ባለሙያ ጋር ተቀምጠው ቢጽፉት ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ ወይም ሌላ የታወቀ ሕመም ካለብዎ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ የግድ ከባለሙያ ጋር ይጻፉት።

በአንዱ ወገን ያለ ምንም ክርክር የሚያስሄድዎ ነገር ይጻፋል። ለቶንጎ ሰው የመጀመሪያው ትኩሳት ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር። ከትኩሳት ጋር መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፣ የያዙትን ሁሉ ማስመለስ፣ ዐይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ መጥቆር ከታየ በሌሊትም ይሄዳሉ። ደረትን ጨምድዶ የሚይዝና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መስነፍ ወይም የአፍ መጣመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ደም ማሳል ወይም ማስመለስ፣ በእርግዝና ጊዜ ደም መፍሰስ እዚህ ይገባሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሳይጾሙና ሳይሞክሩ የቀነሰ ክብደት፣ ጡት ላይ የወጣ እብጠት ሌሊት ባያስሮጡም በዚያው ሳምንት መታየት አለባቸው። እነዚህ ሲመጡ «ፍርሃቴ ይሆናል» ብሎ መቅረት የለም። ጭንቀት ያለበት ሰውም በእውነት ይታመማል።

በሌላው ወገን እርስዎን ደጋግመው ያስመረመሩዎትና ውጤታቸው ነጻ የሆኑ ስሜቶች ይጻፋሉ። የእኔ ወረቀት «የደረት ውጋት፣ ከትንፋሽ ያላለፈ፤ ተቀምጬ ሳለሁ የሚመጣ የልብ ምት፤ የግራ እጅ መደንዘዝ፤ የሆድ መንፋት» ይል ነበር። ከጎናቸው የሚጻፈው ቀን ነው። ስሜቱ ሲመጣ ቀኑን ይጽፋሉ፤ ሁለት ሳምንት ይጠብቃሉ። በሁለት ሳምንቱ ውስጥ ካልጠፋ ወይም እየባሰ ከሄደ ይሄዳሉ። መጥቶ ከጠፋ ይሰርዙታል። ወረቀቱ የሚጠቅመው ውሳኔውን በሌሊት ለሚፈራው ሰው ስለማይተወው ነው። በረጋ ቀን የወሰነው ሰው ይወስናል።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ትልቁ ነገር አንድ ባለሙያ መያዝ ነው። ከሦስት ክሊኒክ የተሰበሰበ ወረቀት ማንንም አያሳርፍም፤ እያንዳንዱ አዲስ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል፣ የራሱን ምርመራ ያዛል። አንዱ ጋ ይቆዩና በግልጽ ይንገሩ፦ «በሽታ መፍራት ይዞኛል፤ በየጊዜው እየመጣሁ ደም መስጠት አልፈልግም፤ በወር አንድ ቀን ቀጠሮ ስጠኝ፣ ያኔ የተሰማኝን ሁሉ እነግርሃለሁ።» ቀጠሮው ደህና በሆኑበት ወርም አይቀርም፤ የመጡት ስለታመሙ ሳይሆን ቀኑ ስለደረሰ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ አብዛኞቻችን ሐኪም ዘንድ ሄደን የምንደብቀው በሽታ ፍርሃቱን ነው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ውሸት ነው፤ መፍራት ካንሰርን አያመጣም፣ አለመፍራትም አይከለክለውም።

ፍላጎቱ የሚመጣው ግን በቀጠሮ አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ አንስቶ ጎግል ላይ «የግራ ደረት ውጋት» ብሎ የመጻፍ፣ ባለቤትን ቀስቅሶ «ንኪኝ እስቲ፣ እተኩሳለሁ?» የማለት ፍላጎት ነው። በአንድ ጊዜ ለማቆም አይሞክሩ፤ እኔ ሞክሬ በሁለተኛው ቀን ወደቅኩ። የሠራልኝ ማቆየት ነው። «እጠይቃለሁ፣ ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ» እላለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ማዕበሉ ወርዷል፤ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት በአብዛኛው በ10 ደቂቃ ገደማ ጫፉ ላይ ደርሶ መብረድ ይጀምራልና። ካልወረደ ሌላ ግማሽ ሰዓት። በሳምንቱ ሁለት ሰዓት፣ በወሩ እስከ ጠዋት አደረስኩት። የልብ ምት መቁጠሩን ደግሞ ሰዓቴን ማታ ማታ ሌላ ክፍል በማስቀመጥ አሸነፍኩት። የማረጋገጫ ፍላጎት እጅ የማይደርስበት ቦታ ሲያጣ ይደክማል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያሉ «ይህ ምልክት ካለብዎ ተጠንቀቁ» የሚሉ ቻናሎችንም ሰርዣለሁ፤ ከመካከላቸው ሐኪሜ የሆነ የለም።

ቤተሰብ፣ አለቃ፣ ባለሙያ

አጠገባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ቁጣም ማባበልም አያድነውም። «አንተ ሁልጊዜ እንደታመምክ ነው» ሲባል ይደብቃል፤ «ምንም የለብህም» ሲባል ለአንድ ሰዓት ያርፋል። ባለቤቴ ከጤና መኮንኑ ጋር ተነጋግራ ሌላ ነገር ተማረች። ስጠይቃት «ፍርሃቱ መጣ አይደል? ወረቀቱ ላይ ካለ ቀኑን ጻፍ። ና ደግሞ በቆሎውን እንፈልፍል» ትለኛለች። መጀመሪያ ጭካኔ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ከሃያው «አብሽር» ሁሉ የሚበልጠው ፍቅር እሱ ነበር። ይህን ግን ተስማምታችሁ፣ አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ አድርጉት።

በግል ድርጅት፣ በማዕድን ወይም በእርዳታ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ መብታችሁን እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና በሕመም ሥራ መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደሞዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደሞዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደሞዝ። ጭንቀት ከባድ ደረጃ ሲደርስ ሕመም ነው፤ የሐኪም ማስረጃ ይጻፍለታል። ሆኖም ምክሬን ከጠየቃችሁ፣ መቆም እስከቻላችሁ ድረስ ሥራ አትልቀቁ። ቤት ተኝቶ ሰውነቱን የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው ነገር አያልቅም። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ በነበርኩባቸው ሰዓታት ልቤን ቆጥሬ አላውቅም። አለቆችም አንድ ነገር ያስቡ፤ ሠራተኛው በየሳምንቱ ግማሽ ቀን እየሰረቀ ክሊኒክ ከሚዞር በወር አንድ የታወቀ ቀን ቢፈቀድለት ለሥራውም ለእሱም ይሻላል።

ለጤና ባለሙያዎች አጭር ልመና አለኝ። ሰልፉ ረጅም እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሚጎድል አውቃለሁ። ለፈራ ሰው ግን ቪታሚን ጽፎ ወይም ዊዳል አዝዞ መሸኘት ሰልፉን አያሳጥርም፤ ያው ሰው በሳምንቱ ይመለሳል። «ስሜቱ እውነት ነው፣ አደገኛ አይደለም፣ ምርመራ አልጨምርም፣ በዚህ ቀን ግን እጠብቅሃለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሲፕሮ ይበልጣል።

ከወረቀቱ ሲያልፍ

ሁሉም በወረቀት አይድንም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከባድ በሽታ ይዞኛል የሚል ሐሳብ 6 ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ የበሽታ ጭንቀት ሕመም ብሎ መድቦታል። ሁለት መልክ እንዳለውም ጽፏል፤ አንዱ እንደ እኔ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል፣ ሌላው ደግሞ ውጤቱን ስለሚፈራ ትኩሳት ይዞትም እንኳ ጤና ጣቢያ ደጃፍ አይደርስም። ሁለተኛው በወባ አገር ይበልጥ አደገኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ካወቃችሁ አብራችሁት ሂዱ።

ሕክምናው አለ። አስተሳሰብንና ድርጊትን አብሮ የሚያክመው የንግግር ሕክምና በዚህ ሕመም ላይ ተፈትኖ ጠቃሚነቱ ታውቋል። ባለሙያው ካዘዘ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል አያስፈልግም። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ዲያዚፓም ገዝቶ መዋጥ ግን ሱስ ያስይዛል፤ አታድርጉት። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምና አዲስ አበባ ካለው አማኑኤል ሆስፒታል ወጥቶ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲዘልቅ ያለመ ነበር፤ ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ የሠለጠነ ሰው እንዳለ ጠይቁ፣ ከሌለ ወደ አሶሳ ሪፈር አስጽፉ። ከፍርሃቱ ጋር ሕይወትን የመጥላት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለሰው ይነገራል፣ በዚያው ቀን ይኬዳል።

እኔ ዛሬም ደረቴን ወጋ ያደርገኛል፤ ቀኑን እጽፋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በፊት እሰርዘዋለሁ። ወረቀቱን ዛሬ ማታ ሳይሆን ነገ ጠዋት ጻፉት። ይህን የምታነቡት ትኩሳት ይዟችሁ ከሆነ ግን ጽሑፉን አስቀምጡና አሁኑኑ ሄዳችሁ ተመርመሩ።